አፋቸውን ሲፈቱ አጠገባቸው ነበርኩ

የጡረታ ፎርሜን የሚሞላልኝ ወጣት «የሥራ መደብ» የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ።

«መምህርት ብዬ ልሙላው?»

«ሙላው» አልኩት።

ሞላና ወደሚቀጥለው መስመር አለፈ። ውሸት አይደለም፤ ሠላሳ አራት ዓመት የመንግሥት ደሞዝ የበላሁት በመምህርትነት ነው። ነገር ግን ከቢሮው ወጥቼ በዚያ የመተማ ፀሐይ ወደ ቤቴ ስሄድ ቃሏ ስትከነክነኝ ዋለች። ብዙውን ዘመኔን ያሳለፍኩት ፊደል በማስቆጠር አልነበረም። ፊደል የሚያስቆጥሩ ሌሎች ነበሩ። እኔ የምሠራው ድምፁ ከአፋቸው አልወጣ ካላቸው ልጆች ጋር ነበር። «ረ» ከሚከብዳቸው፣ «ከ» ከማይመጣላቸው፣ ጭራሽ ምንም ከማይናገሩ ልጆች ጋር። ፎርሙ ላይ ለዚህ የሚሆን መስመር የለም፤ ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ዳባት፣ ደጋ ነው። ኮኪት ስመደብ ቆላ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። የደረስኩት ሰሊጥ በሚታጨድበት ወቅት ስለነበር ከተማዋ ከጎጃምና ከወሎ በመጡ የቀን ሠራተኞች ተጨናንቃለች፤ የጭነት መኪኖች መንገዱን ዘግተውታል፤ የክፍሉ ቆርቆሮ ከረፋዱ ጀምሮ ይፋጃል። አንደኛ «ሀ»ን ሰጡኝ። ዳይሬክተራችን ጎብኚ በመጣ ቁጥር ልጆቹ ፊደሉን በአንድ ድምፅ ሲያንበለብሉት ማሳየት የሚወድ ሰው ነበር። እኔም ጎበዝ አስተማሪ ማለት ክፍሉን በኃይል የሚያስጮህ ይመስለኝ ነበር።

ደጉ የሚባል ልጅ ነበረኝ። ሰባት ዓመቱ ነው፤ ዓይኖቹ ንቁ፣ ጨዋታ አዋቂ። ነገር ግን «ከ» አይወጣለትም። «ከበሮ» ለማለት «ተበሮ» ይላል። የት ነው የምትኖረው ሲሉት «ቶቲት» ብሎ ይመልሳል። ልጆቹ ስሙን ትተው «ቶቲት» ይሉት ጀመር። እኔ ደግሞ ሰሌዳው ፊት አቁሜ «‹ከ› በል» እለዋለሁ።

«ተ» ይላል።

«‹ከ›!»

«ተ!»

ድምፄን ከፍ ባደረግሁ ቁጥር እሱም ከፍ ያደርጋል፤ የምፈልገው ጩኸት መስሎታል። አንድ ቀን ክፍሉ በሳቅ ሲፈርስ ከንፈሩን ነክሶ ቆመና ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ እንዲናገር ብለምነው እምቢ አለኝ።

ከግድግዳው ማዶ አንደኛ «ለ»ን የሚያስተምሩት መምህር ይርጋ ነበሩ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ዕድሜያቸው ወደ አምሳ የተጠጋ የወሎ ሰው ናቸው። በእረፍት ሰዓት መጥተው በራፉ ላይ ቆሙና፣

«ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና ያን ልጅ ለጥቂት ቀን ታውሺኛለሽ?» አሉኝ።

አፈርኩ። ቢሆንም ሰጠኋቸው፤ ምን እንደሚያደርጉም ለማየት ተከተልኳቸው።

መሬት ላይ ተቀመጡ። ደጉን አጠገባቸው አስቀመጡት፤ ፊት ለፊት አይደለም፣ ጎን ለጎን። ከኪሳቸው ትንሽ መስታወት አወጡና በመሐላቸው ያዙት። መጀመሪያ እሳቸው አፋቸውን ከፍተው ምላሳቸውን አዩ። ደጉ ሳቀና እሱም የራሱን አየ። «በል» የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። አንድ ነገር ይጠይቁትና ዝም ይላሉ። ዝምታው እኔን አስጨነቀኝ። በኋላ እንዳስተዋልኩት ከጀርባቸው በጣቶቻቸው እስከ አሥር ይቆጥራሉ፤ አሥር ሳይሞላ ጥያቄውን አይደግሙም። ልጁ ሲመልስ ደግሞ ያለውን ልክ እንዳለው ደብተራቸው ላይ ይጽፉታል። ደብተሩን አሳዩኝ። «ቶቲት፣ ተበሮ፣ ቱቱ» ይላል።

«አየሽ» አሉኝ፣ «አንድ ቦታ እንኳ አልተዛነፈም። ‹ከ› ባለበት ሁሉ ‹ተ› ነው። ይኼ መሳሳት አይባልም፤ ልጁ የራሱን ሕግ አውጥቶ እያከበረ ነው። ጩኸት ሕግ አያስለውጥም። ሌላ መንገድ እንዳለ ማሳየት ነው የሚሻለው።»

ያን ጊዜ ቆሜ የሰማሁትን ነገር እስከ ዛሬ አልጠገብኩትም። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ማንም ሳያስተምረው፣ በጭንቅላቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥርዓት ዘርግቶ ይዞራል! እኔ ደግሞ ፊት ለፊቱ ቆሜ እጮህበታለሁ።

መንገዱን ያሳዩት በውኃ ነው። «ተ» የሚባለው የምላስ ጫፍ የላይኛውን ጥርስ ሥር ሲነካ ነው። «ከ» ግን ከኋላ ነው የሚመጣው፤ የምላስ ጀርባ ተነሥቶ ላንቃን ይዘጋና ይለቃል። ደጉ ምላሱ ጀርባ እንዳለው አያውቅም። ስለዚህ አንድ ጉንጭ ውኃ ይዞ፣ ራሱን ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል አድርጎ፣ ሳይውጠው «ኽኽኽ» እያለ ጉሮሮው ላይ እንዲያጫውተው አደረጉት። ሁለቱም ልብሳቸው ራሰ፤ ሁለቱም ይስቃሉ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ። በሁለተኛው ሳምንት ውኃው ቀርቶ «ኽኽኽ» ብቻ ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት «ኽኽኽ» አጠረ፣ ጠነከረ፣ ተቆረጠ። አንድ ሐሙስ ደጉ መስታወቱን እያየ፣ እኔን ፈጽሞ ረስቶኝ፣ «ኮ» አለ። ደነገጠ። መምህር ይርጋን አየ። «ኮኪት» አለ። ከዚያ ተነሥቶ ሮጠ፤ ግቢውን እየዞረ «ኮኪት! ኮኪት! ኮኪት!» እያለ ጮኸ።

መምህር ይርጋ መስታወታቸውን በመሐረባቸው ጠራርገው ኪሳቸው ከተቱ።

«እርስዎ ይኼን የት ተማሩት?» አልኳቸው።

«በልጅነቴ እንተባተብ ነበር» አሉኝ። «አንዲት ቃል ልናገር ስል ሰው ሁሉ ይጨርስልኛል። እስክጨርስ የጠበቀኝ አንድ አጎቴ ብቻ ነበር። እሱ ሲጠብቀኝ ቃሏ ትመጣ ነበር። ሌላውን ከልጆቹ ነው የተማርኩት።»

ከዚያ በኋላ ለአራት ዓመት ከትምህርት ሰዓት ውጪ ተማሪያቸው ሆንኩ።

ቀጥሎ ገለጉ ተመደብኩ፤ መኪና በሌለበት ቀን በእግር ነበር የሚኬደው። እዚያ ነው ብቻዬን የሠራሁት። አበራሽ የምትባል ልጅ ነበረችኝ፤ «ረ»ን «ለ» ስለምትለው ስሟ «አበላሽ» ይሆንባታል። «ምን አበላሽ?» እያሉ ያሾፉባታል። አባቷ በአንድ ባለሀብት እርሻ ላይ የትራክተር ኦፕሬተር ነው። የምላሷ ጫፍ ላንቃዋን እየመታ እንዲንቀጠቀጥ ለማድረግ ወር ሙሉ «ደደደ» ስንል ከረምን፤ አልሆነም። አንድ ጧት አባቷ ትራክተሩን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲያስነሳ ሞተሩ እምቢ አለው፤ «ድድድ» ብሎ ይጠፋል። አበራሽ ከጎኔ ቆማ ሞተሩን እየተከተለች «ድድድ» አለች። አራተኛው ላይ ሞተሩ ተነሣ፤ «ድርርርርር!» የእሷም ድምፅ አብሮት ተነሣ። ምላሷ ሲንቀጠቀጥ ተሰማት መሰለኝ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ እጇን አንሥታ ደገመችው። አባትየው ከላይ ሆኖ አላወቀም፤ እጁን አውለብልቦ ሄደ። እኔ መንገዱ ዳር ቆሜ አለቀስኩ። ወር ሙሉ ስለፋበት የነበረውን ሞተሩ በአንድ ጧት ጨረሰልኝ።

መተማ ስዛወር ስለ ሥራዬ የሰማች አንዲት ርእሰ መምህርት ነበረች። የአሮጌ መጻሕፍት ማከማቻ ክፍል አጸዳችና ቁልፉን ሰጠችኝ፤ ለልዩ ፍላጎት ትምህርት የክረምት ሥልጠናም ላከችኝ። ከሥልጠናው የጆሮን ነገር ተማርኩ፤ ዝም የሚል ልጅ ሁሉ መጀመሪያ መስማቱ መጣራት እንዳለበት። ክፍሏ ውስጥ አንድ ሰሌን፣ አንድ መስታወትና አንድ ጣሳ ሰሊጥ ነበረኝ። ሰሊጡን መዳፋቸው ላይ ዘግኜላቸው አፋቸው አጠገብ ሲያደርጉት በ«ፐ» ፍሬው ይበተናል፤ በ«መ» አንዷም አትነቃነቅም። የእጃቸውን ጀርባ አፋቸው ፊት ይዘው «ተ» ሲሉ ለስላሳ ትንፋሽ ይሰማቸዋል፤ «ጠ» ሲሉ ግን የሆነ ነገር አፍ ውስጥ ይፈነዳል እንጂ ትንፋሹ የለም። ስንቱ አዋቂ ሰው ይኼን ሳያውቅ ዕድሜውን ሁሉ ሲናገርበት ይኖራል! እኔ ራሴ በየቀኑ እያየሁት በየቀኑ ይገርመኝ ነበር።

የምጽፈው ሁሉ ደስታ ቢሆን በወደድኩ። አይደለም።

በዚያች ክፍል ሥራዬ ሞቅ ባለበት ጊዜ ሰልማ የምትባል ሕፃን አመጡልኝ። አምስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወር የቀራት፣ ጸጉሯ በቀጭኑ የተጎነጎነ ልጅ ናት። አባቷ የእኛው አገር ሰው፣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። እናቷ ሃዋ ከወዲያኛው ማዶ፣ ከሱዳን ነች። ሰልማ ክፍል ውስጥ በአማርኛ የምትናገረው ሁለት ሦስት ቃል ነው። መስማቷን አየሁ፤ ደኅና ነው። ምላሷን አየሁ፤ ደኅና ነው። ከዚያ እናትየዋን ጠርቼ ያኔ እርግጠኛ የነበርኩበትን ነገር ነገርኳት።

«ሁለት ቋንቋ ነው ያደናገራት። ከዛሬ ጀምሮ ቤት ውስጥ አማርኛ ብቻ አናግሪያት። ዓረቢኛውን ተይው።»

ሃዋ ራሷን ነቀነቀች። «እሺ መምህርት» አለች። መምህርት የተናገረችውን የምትጠራጠር ሴት አልነበረችም።

ወራት አለፉ። ሰልማ አልተሻላትም። ይባስ ብሎ እነዚያ ሁለት ሦስት ቃላትም ጠፉ። ጨዋታ ላይ ታንጎራጉረው የነበረውንም ተወች። እኔ «ትንሽ ጊዜ ትፈልጋለች» እያልኩ መስታወቴን ይዤ እታገላለሁ።

በዚያ መሐል መምህር ይርጋ ለሕክምና መተማ መጡ። ጡረታ ወጥተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። ክፍሌን ላሳያቸው ጓጉቼ ወሰድኳቸው። ሰልማ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡና ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይናገሩ አብረዋት ቆዩ። ስንወጣ ጠየቁኝ።

«ቤቷ ውስጥስ ምን ትላለች?»

«ምንም። እናቷም ምንም አትልም ነው የምትለኝ።»

«እናቷስ ምን ትላታለች?»

«አማርኛ ብቻ እንድታናግራት ነግሬያታለሁ።»

ቆሙ። «እናትየዋ አማርኛ ትችላለች?»

«የገበያ ያህል።»

ልጆቹን የሚጠብቁትን ያህል እኔንም ጠበቁኝ መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብለው፣

«እና ልጅቱን ማን እያናገራት ነው?» አሉ።

ከዚያው መንገድ በቀጥታ ሃዋ ቤት ሄድኩ። ልብስ እያሰጣች ነበር፤ ሰልማ ከእግሯ ሥር ተቀምጣለች። በምችለው ሁሉ ነገርኳት። ተሳስቻለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በራስሽ ቋንቋ አናግሪያት፤ ዛሬውኑ፣ አሁኑኑ።

ሃዋ የያዘችውን ልብስ መልሳ ሳፋው ውስጥ ጣለችው።

«አንቺ አማርኛ አልሽ» አለችኝ። «እኔ አማርኛ ‹ነዪ› አለኝ፣ ‹ብዪ› አለኝ፣ ‹ተኚ› አለኝ። ሌላ የለኝም። ልጄ ስታለቅስ የምላትን አማርኛ አላውቅም። ዝም አልኩ። ስድስት ወር ልጄን ዝም አልኳት።»

አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ጎንበስ ብላ ልጇን አነሣችና በዓረቢኛ አንድ ነገር በጆሮዋ ተናገረቻት፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ፣ ውኃ እንደተለቀቀበት ቦይ። ሰልማ የእናቷን አፍ ታይ ነበር። መልስ አልሰጠችም።

ከሁለት ወር በኋላ አባትየው ከድንበሩ ማዶ ገዳሪፍ ሥራ አግኝቶ ቤተሰቡን ይዞ ተሻገረ። በሄዱበት ሰሞን ልጅቱ ከእናቷ ጋር ማንጎራጎር ጀምራ ነበር ብለው ጎረቤቶች ነግረውኛል። ሙሉ ቃል ተናግራ ይሁን አይሁን አላውቅም። እስከ ዛሬ አላውቅም። ለመምህር ይርጋ ይኼን ስነግራቸው አላጽናኑኝም። «ደብተርሽ ላይ ጻፊው» አሉኝ፤ ያን ብቻ። ጻፍኩት። እሳቸው በተከታዩ ክረምት አረፉ።

በዚያው ዓመት ዓረቢኛ መማር ጀመርኩ። ያስተማሩኝ ገበያ ላይ ለውዝ የሚሸጡ ሴቶች ናቸው። ፊደሉን ሳይሆን እናት ለልጇ የምትናገረውን ነበር የጠየቅኋቸው፤ ሲወድቅ ምን ትሉታላችሁ፣ ሲያለቅስስ፣ ስታጥቡትስ? ይስቁብኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ ክፍሌ የመጣውን እያንዳንዱን ወላጅ፣ ቅማንት ይሁን ጉሙዝ፣ ጎጃሜ ይሁን ሱዳናዊ፣ አንድ ነገር ብቻ ለመንኩ፤ በምታለቅሱበት ቋንቋ ልጃችሁን አናግሩት። አማርኛውን ለእኔ ተዉልኝ።

ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ሲነሣና ሰዉ በመተማ በኩል ሲጎርፍ እኔ ለጡረታ ጥቂት ነበር የቀረኝ። ከተማው ዳር ባለው መጠለያ ልጆች ዝም ብለዋል ተባለና፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ እዚያ እንድሄድ ርእሰ መምህርቷ ፈቀደችልኝ። ሙዓዝን ያገኘሁት እዚያ ነው። አራት ዓመቱ ነው፤ ከእናቱ እኅት ከሱዓድ ጋር ከካርቱም መጥቷል። ሱዓድ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ነች። እናቱ የት እንዳለች አልጠየቅሁም፤ እሷም አልነገረችኝም።

ልጁ ይሰማል። ስሙን ሲጠሩት ይዞራል። ግን ድምፅ የለውም፤ ሲወድቅ እንኳ ያለ ድምፅ ነው የሚያለቅሰው። እንደዚያ ያለ ለቅሶ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ጎን ለጎን ተቀመጥን። የለስላሳ ቆርኪ ይደረድራል፤ እኔም ደረደርኩ። አንድ ቃል አልጠየቅሁትም። ሦስት ሳምንት ቆርኪ ስንደረድር ሱዓድ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ቋንቋችሁን አታስተምሪውም?» አለችኝ በዓረቢኛ።

«ይደርሳል። አንቺ አናግሪው። የምታበስይውን፣ የምታጥቢውን ንገሪው። መልስ አትጠብቂ።»

አቀረቀረች።

«ዝም በል ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «መንገድ ላይ ተደብቀን ነበር። ወንዶች በአጠገባችን ያልፋሉ። አፉን በእጄ ያዝኩት። ‹ዝም በል፣ እኔ ተናገር እስክልህ እንዳትናገር› አልኩት። ጎበዝ ልጅ ነው። ዝም አለ።»

«ከዚያስ? ተናገር አልሽው?»

አየችኝ። ዓይኗ ቀስ እያለ ሲሰፋ ታየኝ። አላለችውም። ማንም ትዝ አላለውም። ልጁ ድንበር ተሻግሮ፣ መጠለያ ገብቶ፣ ወራት አልፈው፣ አሁንም ቃሉን እየጠበቀ ነበር።

ሱዓድ ተንበርክካ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘች። ደርሰናል አለችው፤ ማንም አይሰማንም፤ አልቋል፤ አሁን ተናገር የእኔ ልጅ፣ የፈለግኸውን ተናገር፣ ጩኽ። ሙዓዝ በጥሞና ሰማት። ከዚያ ወደ ቆርኪው ተመለሰ። በዚያ ቀን ምንም አላለም። በሚቀጥለውም አላለም። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ አላቋረጠችም፤ ሽንኩርት ስትከትፍ ትነግረዋለች፣ ልብስ ስታጥብ ትነግረዋለች።

ጡረታዬ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሄድኩ። ሙቀቱ የሚያነድ ነበር። ሱዓድ ጀርባዋን ሰጥታን ጫማ ትጠግናለች፤ ሙዓዝ ከጎኔ ነው። ቆርኪውን ተወውና ተነሣ፤ ሄዶ ቀሚሷን ሳብ አደረገ።

«ሞያ» አለ።

እኛ ዘንድ ሞያ ሌላ ነው፤ በእነሱ ዓረቢኛ ውኃ ማለት ነው። ድምፁ ሻካራ፣ ዝቅ ያለ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ተዘግቶ እንደኖረ በር። ሱዓድ አልዞረችም፤ ጫማውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። እኔ ከተቀመጥኩበት ንቅንቅ አላልኩም። ያኔ አንዲት ቃል ብናገር የምሰብረው ነገር ያለ መስሎ ተሰምቶኝ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ልጆች ድምፅ ሲያወጡ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ፈርቼም ተደንቄም አላውቅም።

ሱዓድ ኩባያውን ሞላችለት። ስትቸኩል ግማሹ መሬት ላይ ፈሰሰ። ሙዓዝ የቀረውን ጭልጥ አድርጎ ጠጣና ባዶውን ኩባያ ዘረጋላት።

«ታኒ» አላት። ድገሚኝ ማለቱ ነው።

ሱዓድ ጀሪካኑን አነሣች፤ ባዶ ነው። ዞር ብላ አየችኝ፤ ፊቷ በእንባ ርሷል፤ ትስቃለችም። እኔ ጀሪካኑን ከእጇ ነጥቄ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ወደ ቦኖው ሮጥኩ።